ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚከፈል ዋጋ



በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተነገረውን የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ባለቤቱ በማለዳ፥ በሦስት፥ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ሠራተኞችን ቀጠረ። በአሥራ አንድ ሰዓትም፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ የሚቀጥራቸው አጥተው የቆሙትን ጠራ። ሲመሽ ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር ከፈላቸው። ይህን የእግዚአብሔር የጸጋው ልግስና ብለን እንሰብካለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የዕለት ዋጋ እንደ ነበረ አንርሳ። ባለቤቱ የሰዓቱን ቍጥር ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ማታ ባዶ እጁን የሚገባበትን ቤትም አየ።

ድሬዳዋ የሠራተኛ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ወለዳት፤ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሳደጓት፤ ዛሬም የኢንዱስትሪ ፓርክና ነጻ የንግድ ቀጣና አላት። በቀፊራ ገበያ ጆንያ የሚሸከመው፥ በከዚራ ቤት የምታጸዳው፥ በፋብሪካ ማሽን ፊት የምትቆመው፥ እሑድ በቅዳሴ ከእኛ ጋር የሚቆሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ሲጨምር ደመወዛቸው ባለበት መቆሙን ከእነርሱ ሰምተናል።

ስለዚህ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጕዳይ ለእኛም የሚገባ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ የመንግሥት፥ የሠራተኞችና የሌሎች ባለ ድርሻዎች ወኪሎች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እየተመለከተ እንዲያሻሽል፥ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አዝዟል። ከአዋጁ በኋላ ግን ነገሩ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ደጋግሞ አንሥቷል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ዝም አላለችም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 በጻፉት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፥ አሠሪና ሠራተኛ በደመወዙ ስለ ተስማሙ ብቻ ፍትሕ ተፈጽሟል ማለት እንዳልሆነ አስተማሩ። ችግር ያስገደደው ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላልና፤ ከስምምነቱ በላይ ሠራተኛው በጨዋነት የሚኖርበት ዋጋ እንዲያገኝ የሚጠይቅ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ። ከ3 ዓመት በኋላ ኒውዚላንድ በሕግ የደመወዝ ወለል የሚወሰንበትን መንገድ ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ «ላቦሬም ኤግዜርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው፥ የአንድ ሥርዓት ፍትሐዊነት ከሁሉ በፊት የሚፈተነው ለሠራተኛው በሚከፈለው ዋጋ እንደ ሆነ አስረዱ።

«ወለሉ ከፍ ካለ ትንሹ አሠሪ ሠራተኛ ያሰናብታል፤ ፋብሪካውም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ይህ የክፉ ሰዎች ንግግር ብቻ አይደለም። በአንድ ሱቅ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ራሱም በጭንቅ የሚያድር ምእመን ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ መጠኑን በጥናትና በምክክር መወሰን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሥጋቱ ስለ መጠኑና ስለ አፈጻጸሙ እንድንጠነቀቅ ያደርገናል እንጂ የሰው ጉልበት ያለ ወለል እንዲሸጥ ፈቃድ አይሰጠንም።

እዚህ ላይ በመንግሥትና በባለ ፋብሪካዎች ላይ ብቻ ጣታችንን ብንቀስር ግብዞች እንሆናለን። በአንድ ቍምስና ሳለን ለችግረኞች ስንዴ ስናድል፥ ከተሰለፉት መካከል የራሳችን የዘበኛችን ሚስት ቆማ አየናት። ስንዴውን ሰጠናት፤ እርሷም አመሰገነችን። ያን ዕለት ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። ባሏ ሌሊቱን ሁሉ በራችንን እየጠበቀ ቤተሰቡ በምጽዋት ይኖር ነበርና። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ ባወጣው ውሳኔ፥ በፍትሕ የሚገባውን ነገር የፍቅር ስጦታ አስመስለን እንዳንሰጥ አስጠንቅቋል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ዕዳችንን ምጽዋት ብለን ሰጠን።

ደግሞም አዋጅ 1156 በግል ቤት የምታገለግለውን የቤት ሠራተኛ አይሸፍናትም። ስለዚህ የደመወዙ ወለል ነገ ቢወሰን እንኳ፥ እንጀራችንን የምትጋግር ልጃገረድ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። የእርሷ የደመወዝ ቦርድ የእኛ ሕሊና ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 የድሀው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተቀማው የሠራተኞች ዋጋ ራሱ ወደ ጌታ እንደሚጮኽ ይነግረናል። ያ ጩኸት ከወጥ ቤታችን እንዳይነሣ እንፍራ።

እንግዲህ እናንተ መምህራን፥ ይህን ትምህርት በየቡድናችሁ ስታቀርቡ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፤ በቤታችን የምትሠራው እኅት የምንከፍላት ዋጋ ለምን ለምን ይበቃታል? የዕረፍት ቀንና የትምህርት ጊዜ አላትን? የቍምስናችን ዘበኛ፥ ጽዳት ሠራተኛና ምግብ አብሳይ ደመወዝ መቼ ተመረመረ? የቍምስና ጉባኤዎችም የዓመቱን በጀት ሲይዙ፥ ከግንብና ከቀለም በፊት ይህን መስመር ይመልከቱ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኞችን ቀን ለቅዱስ ዮሴፍ ሠራተኛ ሰጡ። በናዝሬት በእጁ ሥራ ጌታችንን የመገበ ይህ ጻድቅ፥ ለአሠሪዎች ርኅራኄን፥ ለሠራተኞች ትጋትን፥ ሕግ ለሚያወጡ ማስተዋልን፥ ለእኛም ዕዳችንን የምንከፍልበትን ድፍረት ይለምንልን። አሜን።