«እኛ» ስንል ማንን ቆጥረን ነው?

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ደጋግመን ከጻፍናቸው አባባሎች አንዱ «ኪነት የሕዝብ ናት» የሚለው ነው። ማንም አልተቃወመንም። ማንም የማይቃወመው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ያልመረመረው ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የራሳችንን አባባል ይዘን ከራሳችን ጋር ጥቂት ልንከራከር አሰብን። ጥያቄያችን አጭር ነው። ብዙ ሰው ተሰባስቦ አንድ የኪነት ሥራ ሲሠራ፣ በሥራው ውስጥ ካሉት መካከል ሠሪው ማን ነው? ዕቃውስ ማን ነው?

ጥያቄው የሚጠነክረው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ይኸውም ሠዓሊው፣ ተዋናዩ፣ ገጣሚው፣ ሙዚቀኛውና አናጢው ማኅበር ገጥመው፣ አንዱ የሌላውን ሙያ እየተዋሰ፣ አንድን ቦታ እንዳለ የኪነት ሥራ የሚያደርጉበት ነው። በባሕር ማዶ ቃል ኢንስታሌሽን ይሉታል። ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ፊቱ ቆመህ ታየዋለህ። ቴአትር መድረክ ላይ ይታያል፤ አንተ ወንበርህ ላይ ነህ። በዚህኛው ግን ወደ ውስጥ ትገባለህ። ጨርቁ፣ ብርሃኑ፣ ድምፁ፣ የሚራመደው ሰው፣ አንተም ራስህ ጭምር የሥራው አካል ትሆናላችሁ። ደስ ይላል። ዳሩ ግን መድረክና ወንበር ሲጠፋ በከያኒውና በዕቃው መካከል የነበረው ድንበርም አብሮ ይጠፋል። ድንበር ሲጠፋ ደግሞ የሚጎዳው ጉልበት የሌለው ነው። ይህን ገበሬ ይነግራችኋል።

ወደዚህ ክርክር ያመጣን መጽሐፍ አይደለም። ስድስት ሆነን ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ባለው ዳገት ላይ አንድ ሥራ ልንሠራ አሰብን። ከመካከላችን ሠዓሊ አለ፣ የቴአትር ተማሪዎች አሉ፣ ክራር መቺ አለ፣ የምሕንድስና ተማሪም አለ። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ባለበት የእግር መንገድ ግራና ቀኝ ነጭ አቡጀዲ ወጥረን ረጅም መተላለፊያ ልንሠራ፣ ከጨርቁ ጀርባ ክራርና ዋሽንት ልናስቀምጥ፣ በመሀሉ ደግሞ ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በዝግታ እንዲያልፉልን ልንለምን ነበር። ተመልካቹ ከታችኛው ጫፍ ይገባና ከሸክሙ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ወረቀት ላይ እጅግ ያምር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ቆመን አንዲት እናት ጠየቅን። «እማማ፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቀስ ብለው እንዲያልፉልን ነው» አልናቸው። ምክንያቱንም በአቅማችን አስረዳን። ከሸክሙ ሥር አንገታቸውን ቀና ለማድረግ እየሞከሩ ሰሙንና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር እኮ የሚከብደው ቀስ ሲሉበት ነው» አሉን። አልተቆጡም። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዚያች አንዲት አባባል እቅዳችን ፈረሰ። እኛ ዝግታን ያሰብነው ለተመልካቹ ዓይን ነው፤ ዝግታ ውበት ነበር። እሳቸው ጀርባ ላይ ግን ዝግታ ኪሎ ነው። ከስድስታችን አንዳችን እንኳን ይህን አላወቅንም። ለምን ቢባል፣ ሥራውን ስናቅድ የሸክም አዋቂ ከመካከላችን አልነበረም። ስለ ሸክም ልንናገር ተነሥተን ሸክምን ከሚያውቁት ሰው አንዲት ቃል አልጠየቅንም ነበር።

ማታ ማደሪያ ስንገባ ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ ወገን እንዲህ አለ፦ «ከተማው እንጀራውን የሚጋግረው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው፤ ግን አያያቸውም። ኪነት የተደበቀውን ካላሳየች ምን ትሠራለች? ደግሞም በግድ አላልናቸውም፣ ጠይቀናል። ካስፈለገ የቀን ሒሳባቸውን እንክፈል።» ሌላው ወገን መለሰ፦ «አያያቸውም ማለት ውሸት ነው። በየቀኑ ያያቸዋል። ከመንገድ ገለል እያለ ያሳልፋቸዋል። የጎደለው ማየት አይደለም። ክፍያውም ቢሆን ተገቢ ነው፣ ግን ደመወዝ ድምፅ አይሆንም። የቀን ሠራተኛም ይከፈለዋል፤ ስለ ሕንፃው ግን ማን ያማክረዋል?»

ይህን ክርክር ይዘን ነው እንደገና ወደ ራጉኤል ሽቅብ የተመለከትነው። አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን የተተከለው ይህ ደብር፣ መስከረም 1 ቀን በዓሉ ሲነግሥ ምን እንደሚመስል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሥዕል አለ፣ ዜማ አለ፣ ከበሮ አለ፣ ጸናጽል አለ፣ ዕጣን አለ፣ ወረብ አለ። በክብ በተሠሩ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሊቃውንቱ በቅኔ ማሕሌት ይቆማሉ፤ ቆራቢው በቅድስት ነው፤ መቅደሱ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቴአትር ናት ማለታችን አይደለም። አማኙ ቢቀየመን እውነት አለው፣ ጸሎት ለመታየት አይቆምም። የምንለው ስለ ሥርዓቱ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆኖ የመጣ የለም። መቋሚያ ተደግፈው የሚያድሩት አረጋዊ፣ በእናቱ ጀርባ ያንቀላፋው ሕፃን፣ «አልበቃሁም» ብሎ ከደጀ ሰላሙ ሳይዘልቅ በሩን ስሞ የሚቆመው ሰው፣ ሁሉም በእግሩ መጥቶ ለምን እንደቆመ ያውቃል። ማንም ማንንም ለሌላ ሰው ዓይን ሲል አላቆመውም።

ይሁን እንጂ የቀደመውን ሁሉ ቅዱስ ማድረግም አያዋጣንም። «የጥንቱ ሠዓሊ ስሙን አልጻፈም፣ ሥራው የሁሉ ነበር» የሚል አባባል በየስብሰባው ይሰማል። እስቲ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደኅና አድርገን እንይ። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ተሥሎ እናገኘዋለን፤ ስሙም ተጽፎለታል። ብዙ ቦታ ስሙ የሌለው ሠዓሊው ነው። ቀለሙን የፈጨው፣ ጨርቁን ግድግዳው ላይ የለጠፈው፣ ውኃ የቀዳችው፣ እነርሱማ ጭራሽ አይታሰቡም። ስም ሲጠፋ የሁሉም እኩል አይጠፋም። ዛሬም የኪነት ማኅበር «እኛ» ብሎ ሲፈርም፣ በዚያ ቃል ውስጥ አንዱ ግልጥ ብሎ ሲታይ ሌላው ሊቀበር ይችላል።

ከዚሁ ተራራ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወጣት ከያንያን ነጻ አርት ቪሌጅ ብለው በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ አንድ መንደር መሥርተው ነበር። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩባቸው። ሰው የጣለውን ዕቃ አንሥተው ቅርጽ ሠሩ፤ ሥዕልን ከድምፅ፣ ከትርኢት፣ ከግጥም ጋር አገናኙ። ከሥራቸው ሁሉ እኛን የሚማርከን የመረጡት ቦታ ነው። መናፈሻ የገባ ሰው ጥላ ፈልጎ ነው የገባው፤ ሥራውን ካልወደደው ዞሮ ይሄዳል። መሄድ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። እቤቱ መድረስ ያለበት ባለ ሸክም ግን ከመንገዱ ወዴት ዞሮ ይሄዳል? እኛ ጨርቃችንን ልንወጥር ያሰብነው መተላለፊያቸው ላይ ነበር።

ያ መንደር ዛሬ በዚያ መናፈሻ የለም። የኪነት ማኅበራት ዕጣ ይህ ነው መሰል፤ ቦታውን በሞላ ሥራ ያደርጉታል፣ ቦታው ግን የእነርሱ አይደለም። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢሳ ሳምብና ጓደኞቹ ላቦራቷር አጂታር የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ የቅስቀሳ ኪነት ቤተ ሙከራ እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው፣ የፊልም ሠሪው፣ ጸሐፊውና ተዋናዩ በአንድ ግቢ ዛፍ ሥር ገመድ፣ ጨርቅና ውዳቂ ዕቃ ሰቅለው ትርኢት ያደርጉ ነበር። በዚያው ከተማ ከያንያን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ አሮጌ የጦር ሠፈር ገብተው የሥነ ጥበብ መንደር አድርገውት ሳለ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ወታደሮች መጥተው ሥራቸውን ወደ ውጭ እየጣሉ አስለቀቋቸው። ይህን ስናነብ ደማችን ይፈላል፣ «እንዴት ሳይጠየቁ!» እንላለን። ታዲያ ያው ሚዛን ለእኛም ይሠራል። አንዱ መጥቶ «ተነሡ» ሲለን በደል ከሆነ፣ እኛ ሰው መንገድ ላይ ቆመን «ቀስ በሉ» ስንል ምን ይባላል?

«ግን ጠይቀናል እኮ!» የሚለው ወገን እዚህ ላይ ይነሣል። አዎ፣ ጠይቀናል። የጠየቅነው ግን አቡጀዲው ከተገዛ፣ ቦታው ከተለካ፣ ክራሩ ከተቃኘ በኋላ ነው። የቀረላቸው «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ብቻ ነበር። ከውሳኔ በፊት መጠየቅና ከውሳኔ በኋላ መጠየቅ አንድ አይደለም። በፊት የተጠየቀ ሰው ሠሪ ነው፣ በኋላ የተጠየቀ ፈቃዱ የተገኘ ዕቃ ነው። የእኛ መልስ ይህ ነው። «እኛ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እቅዱን ሊያፈርሱ የሚችሉት ሰዎች እቅዱ ሲወጣ አብረው ከተቀመጡ ነው።

አንባቢ እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «እንግዲያው ስለ ድሃ የሚጽፍ ድሃ ብቻ ሊሆን ነው? ቴአትር ቤቱንም ልትዘጉት ነው?» የለም። የአማርኛ ቴአትር ራሱ ሲጀመር፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በፋቡላ ሹማምንቱን በአውሬዎች ጭምብል ተቹ፤ በዚህም የተነሣ ቴአትሩ ታገደ። ጭምብሉ ያነጣጠረው ወደ ላይ ነበር፤ የማንንም ጀርባ አልተከራየም። ተዋናይ ሸክም ተሸክሞ ሲወጣ እኛም እሱም አንድ ነገር እናውቃለን፤ መብራቱ ሲጠፋ ያወርደዋል። በዚያ ስምምነት ላይ ቆመን ስለ ማንም መናገር እንችላለን። ችግሩ የሚመጣው ስምምነቱን ሰርዘን እውነተኛዋን ተሸካሚ ስናስገባ ነው። ትርኢቱ ሲያልቅ እኛ ጭብጨባ እንቀበላለን፣ እሳቸው ሽሮ ሜዳ ለመድረስ ገና መንገድ ይቀራቸዋል።

ፒተር ሹማን የተባለው ሰው በ1963 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ዳቦና አሻንጉሊት የሚል የቴአትር ማኅበር ሲያቆም፣ ለተመልካቹ የጋገረውን ዳቦ ቆርሶ ማደል የትርኢቱ ክፍል አደረገው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፣ ያለ ጸበል ጸዲቅ የሚበተን ማኅበር የት አለ? ሥራው የሚያስገኘው ነገር፣ ዳቦም ይሁን ስም ወይም ገንዘብ፣ ለማን እንደሚደርስ ማየት ያንን ማኅበር ያስመረምራል። የእኛ አቡጀዲ ቢሳካ ኖሮ ስሙ ለስድስታችን ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያለ ጨርቅና ያለ ክራር እንደገና ወጣን። ሴቶቹ ትንፋሽ የሚሰበስቡበት አንድ ጠርዝ አለ። ሸክሙን ሳይፈቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ያስደግፉታል፤ ከፈቱት ብቻቸውን መልሰው አይነሡምና። እዚያ ተቀምጠን ቆየን። ያቺው እናት መጡ። ስለ ኪነት አላወራንም። ከዚህ ጠርዝ በኋላ እስከ ታች ድረስ ማሳረፊያ እንደሌለ፣ የታችኛው መታጠፊያ ላይ አንድ የድንጋይ ካብ ቢኖር እንደሚበጅ ነገሩን። ሠዓሊያችን ቅርጹን አሰበ፣ የምሕንድስናው ልጅ ደግሞ መሠረቱን። ይህ የኪነት ሥራ ይባል አይባል ገና እየተጨቃጨቅን ነው። ቦታው የእኛ ስላልሆነ ፈቃድ መጠየቅም ይኖርብናል፤ ላይሳካም ይችላል።

ከፍታው ግን ታውቋል። እሳቸው ጀርባቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው «እዚህ ድረስ» አሉን፣ እኛ ግንዱን በቢላዋ ምልክት አደረግንበት።