ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጻድቁ ኢዮብ ከወዳጆቹ ጋር በተከራከረ ጊዜ፣ የእግዚአብሔርን ጥበብ ማወቅ የሚሻ ሰው ከእንስሳትና ከወፎች፣ ከባሕር ዓሦችም ሳይቀር ሊማር እንደሚችል አመልክቷል (ኢዮ. 12፥7-8)። ነቢዩ ኤርምያስም ወፎች የመመለሻ ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝበ እግዚአብሔር ግን አለማወቁን በሐዘን ወቅሷል (ኤር. 8፥7)። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረበት በሰባተኛው ድርሳኑ፣ ከየባሕሩ ዳርቻ ተነሥተው ለመውለድ ወደ ሰሜኑ ባሕር የሚጓዙትን ዓሦች ምሳሌ አድርጎ ሰዎችን ገሥጿል። እኛም የአባቶቻችንን ፍኖት ተከትለን፣ በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ስለሚወለድ ሻድ ስለተባለ ዓሣ ጥቂት እንናገራለን፤ ስለ ንስሓ የሚያስተምረን ነገር አለውና።

ሻድ የሰርዲንና የሄሪንግ ዘመድ ነው። ሊቃውንት በላቲን ቋንቋ የሰጡት ቅጽል ትርጓሜው «እጅግ ጣፋጭ» ማለት ነው። የሚወለደውም ከፍሎሪዳ እስከ ካናዳ ድረስ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚፈሱት ወንዞች ነው። የብርዱ ወራት አልፎ ውኃው መሞቅ ሲጀምር፣ እናቲቱ ዓሣ ከ100 ሺህ እስከ 600 ሺህ የሚደርስ ዕንቍላል በወራጁ ውኃ ውስጥ ትጥላለች። ጎጆ አትሠራለትም፣ ቆማም አትጠብቀውም። ዕንቍላሉ ከወራጁ ጋር እየሄደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ለአካለ መጠን የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። ትንንሾቹ የሙቀቱን ወራት በወንዙ አሳልፈው፣ ቅዝቃዜ ሲመጣ ገና ከጣት ርዝመት እምብዛም ሳያልፉ ወደ ባሕር ይወርዳሉ።

በባሕርም አብዛኞቹ ከ3 እስከ 6 ዓመት ይቀመጣሉ። በዚያ ዘመን ከልዩ ልዩ ወንዞች የወጡት ሻዶች በካናዳ በሚገኘው በፈንዲ ወሽመጥ ተሰብስበው፣ የደቡቡ ከሰሜኑ ጋር ተቀላቅሎ በአንድነት ይመገባሉ። ጊዜያቸው ሲደርስ ግን አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ወደ ተወለዱበት ወንዝ ይመለሳሉ። ወንዛቸውን ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ የውኃው ሽታ እንደ ሆነ የተመራመሩ ሰዎች ገልጸዋል። ወራጁን ተቃውመው ሲወጡ ከሞላ ጎደል ምግብ ይተዋሉ፤ በባሕር ሳሉ ያከማቹት ስብ ስንቅ ይሆናቸዋል። በደቡብ ወንዞች የሚወልዱት ከወለዱ በኋላ ይሞታሉ፤ ከሰሜኖቹ ግን ብዙዎቹ ወደ ባሕር ተመልሰው በሚመጣው ዓመት እንደ ገና ይወጣሉ።

የተወደዳችሁ ምእመናን! እኛም ከውኃ የተወለድን ነን። ወንዱ በ40 ቀን ሴቲቱ በ80 ቀን ተጠምቀን፣ ከውኃና ከመንፈስ ቅዱስ ተወልደን የእግዚአብሔር ልጆች ተብለናል። ዕድሜያችን ሲጨምርም ወደ ዓለም ባሕር እንወርዳለን፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በስደት አገር ከብዙ ሕዝብ ጋር እንቀላቀላለን። መቀላቀሉ ብቻውን በደል አይደለም፤ በደሉ የተወለዱበትን መርሳት ነው። ጥምቀት አትደገምም፤ ወደ ጥምቀት ጸጋ የሚመልሰን መንገድ ግን ንስሓ ነው። ዓሣው በውኃው ሽታ ወንዙን እንደሚያውቅ፣ ርቆ የኖረ ሰውም የዕጣን መዓዛ ወይም የቅዳሴ ዜማ ድንገት ሲደርሰው የአባቱ ቤት ትዝ ይለዋል። ዓሣው በጉዞው ምግብ እንደሚተው ተመላሹም በጾም ይበረታል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዓሣው በተፈጥሮ ሕግ ስለሚነዳ ዋጋ የለውም፤ ሰው ግን በፈቃዱ ይመለሳልና መመለሱ በሰማይ ደስታ ይሆናል (ሉቃ. 15፥7)።

እንግዲህ ተመላሹን ካየን በመንገዱ ላይ የሚቆመውን ደግሞ እንመልከት። ኮነቲከት በሚባለው ወንዝ ላይ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሆልዮክ በተባለች ከተማ፣ ለፋብሪካዎች ኃይል እንዲሰጥ በ1849 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 9 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግድብ ተሠራ። ሻዱ እንደ ልማዱ ቢመጣ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በዚያው አቆጣጠር በ1872 የግድቡ ባለቤት የዓሣ መተላለፊያ እንዲሠራ ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ መሰላል ተሠራ፤ ሻድ ግን እንደ ሳልመን ዓሣ የሚዘል አይደለምና ሊወጣበት አልቻለም። መተላለፊያ አለ ይባል ነበር፤ የሚተላለፍ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ በ1955 ዓሣውን ከነውኃው ተቀብሎ ከግድቡ በላይ የሚያደርስ ማንሻ ተሠራ። እጅግ በበዛበት በ1992 ከ700 ሺህ በላይ ሻድ በዚሁ ማንሻ ከፍ ብሎ አለፈ። ዓሣው መመለስን ከ100 ዓመት በላይ አልተወም ነበር፤ የጎደለው የሚያነሣው ነበር።

አባቶቼ ካህናት፣ ወንድሞቼ ምእመናን! ይህ ነገር እኛን ይመለከታል። ብዙ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የኖረ ሰው አንድ ቀን እያፈረ እስከ ቅጽሩ በር ድረስ ይመጣል። እስከዚያች ስፍራ ለመድረስ ምን ያህል ወራጅ ውኃ እንደ ተቃወመ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» የሚል የንቀት ቃል ቢቀበለው፣ ይህ ቃል ግድብ ነው። ጌታችን የመንግሥተ ሰማያትን በር በሰው ፊት የሚዘጉትን በብርቱ ወቅሷቸዋል (ማቴ. 23፥13)። የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድምም አባታቸው የከፈተውን ደጅ በቍጣው ሊዘጋ ፈልጎ፣ እርሱ ራሱ በውጭ ቀረ።

ደግሞም እንደ መሰላሉ የሆነ አቀባበል አለ። በሩን እንከፍትለታለን፤ ነገር ግን ለደካማው ከዐቅሙ በላይ የሆነ ቀኖና እንጭንበታለን፣ ሥርዓቱን ለማያውቀውም ሳናስረዳ እንደሚያውቅ አድርገን እንጠይቀዋለን። ሳልመን ሊዘል ይችላል፤ ሻድ ግን አይችልም። ገዳማዊ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛና የሕፃናት እናት ሁሉ እኩል ሊሸከሙት አይችሉም። ቀኖና መድኃኒት ነውና በበሽተኛው መጠን ሊሰጥ ይገባል።

ምናልባት «ሥርዓቱ ይፍረስ ትላለህን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም። በሆልዮክ ማንሻው የተሠራው ግድቡ ሳይፈርስ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም በስፍራው ይጸናል፤ የንስሓ አባት ሥራ ግን ከበታች ቆሞ የሚጠብቀውን ማንሣት ነው። ቸር እረኛም የጠፋውን በግ ባገኘው ጊዜ እየገረፈ አልነዳውም፤ ደስ እያለው በትከሻው ተሸከመው እንጂ (ሉቃ. 15፥5)።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ጣና ሐይቅ እንመልከት። በዚያም ባርበስ ከሚባሉት ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ለመውለድ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ መረብ እየተዘረጋ ገና ሳይወልዱ በመያዛቸው ቁጥራቸው እጅግ ቀንሷል። የተመላሽን ኃፍረት ለወሬ የሚያደርግ፣ በንስሓ የሰማውን ምሥጢር የሚያወጣ፣ ከእንባውም ጥቅም የሚፈልግ ሁሉ በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ነው። በዚያ የሚጠፋው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ሊመለሱ የነበሩት ልጆቹና ወዳጆቹም አብረው ይቀራሉ።

ስለዚህ ርቀህ ያለህ ወንድማችን፣ ርቀሽ ያለሽ እኅታችን፣ የተወለዳችሁበት ውኃ ዛሬም አልደረቀምና ተመለሱ። በቤቱ ያለን ደግሞ በዚህ ሳምንት ከቅጽሩ በር ቆሞ የሚያመነታ ሰው ብናይ፣ ስሙን ጠይቀን፣ እጁን ይዘን ወደ ንስሓ አባት እናድርሰው። እኛም ራሳችን ተሸክሞ ባነሣን በክርስቶስ ትከሻ እስከዚህ ደርሰናልና።

ቸሩ አምላካችን የሚመለሱትን ያጽናልን፤ እኛንም ከመሰናክልነት ይጠብቀን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።