የት ዋልክ?

አዲስ ቅዳም ስሟም የገበያ ቀኗም አንድ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደጋ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። በዚያች ከተማ ጥግ አንዲት እናት ነበሩ፤ ድንች ዘርተው፣ ድንች ሸጠው አንድ ልጅ ያሳደጉ።

ልጁ ትንሽ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንቹን ፈረስ ላይ ጭነው አብረው ገበያ ይወጣሉ። ያማረለት ቀን ድንቹ ገና ረፋድ ላይ ያልቃል። ልጁ ባዶውን ጆንያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይወሽቅና «እማ፣ አለቀ እኮ፤ እንሂድ» ይላል። እናቱ ግን ንቅንቅ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ቀርከሃ ቅርጫት የተሸከመው ሰውዬ ይመጣል፤ ጤና ይጠያየቃሉ። የፈረስ ዋጋ ይጠየቃል፤ ፈረስ የሚገዛ ግን የለም። ከወንዝ ማዶ የመጣች ዘመድ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ የማን ላም እንደወለደች ታወራለች፤ አገውኛው ካማርኛው እየተቀላቀለ። ፀሐይ ትዞራለች፤ እናቱም ከፀሐይዋ ጋር ድንጋይ ይቀይራሉ።

«እማ፣ ሸጥን እኮ!»

«ሸጥን እንጂ መች ገበያ ዋልን?» ይሉታል።

ልጁ ይህ ነገር አይገባውም። ሆዱ ይጮኻል፤ ይህኛው ይገባዋል።

አደገ፤ ተማረ፤ ኢንጂነር ሆነ። ሥራ ሲያፈላልግ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም አካዳሚ ኢንጂነሮችን ተቀብሎ የመርከብ መሐንዲስ እንደሚያደርግ ሰማና ገባ። አገሪቱ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ መርከበኛ ግን ታሠለጥናለች፤ ያውም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ዳር። የውጭ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። አማርኛ ግን ጣናንም ውቅያኖስንም ባሕር ብሎ ስለሚጠራ፣ እኛ ዘንድ የሚያስቅ ነገር አልተገኘበትም።

መርከብ ላይ ወጣ እንበል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር መርከብ ውስጥ ወረደ። የሞተሩ ክፍል ታች ነው፤ መስኮት የለውም። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ያልፋል። ጩኸቱ ጆሮ ካልደፈኑበት አያስቆምም። ልጁ ቱታውን ለብሶ ፓምፕ ይፈታል፤ የነዳጅ ማጣሪያ ያጥባል፤ የዘይት ግፊት ያነባል፤ ያነበበውን ይጽፋል፤ ይተኛል፤ ይነሣና ደግሞ ይወርዳል። የስዌዝን ቦይ፣ 193 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ፣ አቋረጠ፤ ያየው የመለኪያውን ቀስት ነው። ሲንጋፖር ደረሱ፤ ኮንቴይነር ሲወርድና ሲጫን እሱ ጄኔሬተር ሥር ተጋድሟል። ሳንቶስ ደረሱ፤ ያ የብራዚል ቡና ወደ ዓለም የሚወጣበት ወደብ፤ አንድ ሲኒ ሳይቀምስ ወጡ። ለቡና አገር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሲደውል እናቱ የሚጠይቁት ነገር አንድ ነው።

«ባሕሩ እንዴት ነው?»

«መች አየሁት፣ እማ።»

«መርከቡስ? ቀለሙ ምንድን ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ሁልጊዜ የሚያየው ከሥሩ ቆሞ፣ ሰው ገደል ሥር ቆሞ ገደሉን እንደሚያየው ነው። ኋላ «አረንጓዴ ነው» አላቸው። አረንጓዴው የሞተሩ ክፍል ወለል ነበር።

የኮንትራቱ ዘጠኝ ወር ደርባን ላይ አለቀ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር። ተተኪው ወጣ፤ እሱ ወረደ። አውሮፕላኑ ማግሥቱን ንጋት ላይ ነው። ከእሱ ጋር ኮንትራታቸውን የጨረሱ አንድ ሕንዳዊና አንድ ፊሊፒናዊ አሉ። እነሱ የሚታየውን ነገር ሰዓት በሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈው ወጡ፤ ለ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ የተሠራው ስታዲየም፣ የዓሣው ቤት፣ የገበያው ማዕከል፣ ለልጅ ጫማ፣ ለሚስት ሽቶ። «ና እንጂ!» አሉት። «ቅደሙ» አለ። ወዴት እንደሚሄድ ግን እሱም አላወቀም።

እግሩ ወደ አሸዋው ወሰደው። ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ፤ ካልሲውን አውልቆ ጫማው ውስጥ ከተተ። እግሩ ዘጠኝ ወር ብረት ባለው ጫማ ውስጥ ከርሞ እንደ ድንች ቡቃያ ነጥቷል። ውኃው መጣና ነካው። ለብ ያለ ነው። ተመለሰ። ደግሞ መጣ።

መጀመሪያ ላይ መቀመጡ አልሆነለትም። እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ጆሮው የማንቂያ ደወል ይጠብቃል፤ ሞተር በሌለበት ሞተር ያዳምጣል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ ጆሮው ደከመውና ተወው።

ያኔ ማየት ጀመረ። አንድ ልጅ ከአሸዋ አንበሳ ሠርቶ፣ እንዳይደርቅበት ውኃ እየረጨ፣ ከፊቱ ጨርቅ ዘርግቶ ሳንቲም ይጠብቃል። ቀንድና ዶቃ የደፋ ሰውዬ ባለሁለት ጎማ ጋሪውን ራሱ እየጎተተ አለፈ፤ እኛ አገር ይህ የፈረስ ሥራ ነው። ዓሣ አጥማጆች ዘንጋቸውን ወርውረው ቆመዋል፤ አንዱም ሲይዝ አላየም፤ አንዱም አልሄደም። ከባሕሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደብ የሚገቡበትን ተራ የሚጠብቁ መርከቦች፣ ገበያ ዳር እንደታሰረ ፈረስ፣ መልሕቃቸውን ጥለው ተደርድረዋል።

ፀሐይ ጠነከረች። ተነሥቶ ጥላ ቀየረ።

ከቀትር በኋላ አንድ መርከብ ከወደቡ አፍ ወጣ። ልጁ እንዲሁ ያየው ነበር፤ ኋላ ስሙን አነበበ። ተነሥቶ ቆመ። የራሱ መርከብ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ከሥሩ ቀይ። ወደ ሰፊው ውኃ በገባ ቁጥር እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የክብሪት ቀፎ አከለ። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ፣ ታች፣ አሁን የዘይት ግፊት እያነበበ ነው። ልጁ እጁን አነሣና አውለበለበ። ማን ሊያየው!

ደርባን ላይ ባሕሩ በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ በጀርባው፣ ከሕንፃዎቹ ኋላ ጠለቀች። ጫማውን አራግፎ ተነሣ።

ሆቴል ሲደርስ ሁለቱ ተዘርረው አገኛቸው። ሕንዳዊው ሁለት መቶ ፎቶ አሳየውና «አንተስ ምን ሠራህ?» አለው። ልጁ በእንግሊዝኛ ቃል ፈለገ፤ አጣ። «ተቀመጥኩ» አለ። ሕንዳዊው አዘነለት።

አዲስ ቅዳም ሲገባ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተቆላ። «ስንት አገር አየህ?» አሉት። የወደቦቹን ስም ባንድ ትንፋሽ ደረደረ፤ ቡናው ገና ሳይወቀጥ ወሬው አለቀ። ሰዎቹ ተያዩ። እናቱ ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፦

«እሱን ተወው» አሉ። «የት ዋልክ?»

«ደርባን» አለ።

ከአቦል እስከ በረካ የዘለቀው ወሬ የደርባኑ ነው። በመሐል አንድ የጎረቤት ልጅ ስለ መርከቡ ቀለም ጠየቀ። ልጁ ቶሎ መለሰለት።

ተረቱ ይኸው ነው። የብዙዎቻችን ጉዞ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ አዲስ ቅዳምን የሚያቋርጠው አንድ ተሳፋሪ ዓይኑን አሽቶ «የት ደረስን?» እስኪል ነው። በመስኮት የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በየጆንያው ተደርድሮ ያያል፤ ፎቶ ያነሣል። ባሕር ዳር ገብቶ ጢስ ዓባይንና አንድ ሁለት ገዳም በአንድ ቀን ይጨርሳል። ማታ ዘመዱ ይደውልና «እንዴት ዋልክ?» ይለዋል። «ደህና» ይላል። «እንዴት ዋልክ?» ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ሰላምታ ብቻ ከሆነ ቆይቷል መሰለኝ።

ልጁ ሁለተኛ ኮንትራቱን ፈርሞ ተመልሷል። የእናቱ ድንች ባለፈው ቅዳሜ ገና በአራት ሰዓት አለቀ። ቤት የገቡት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።