26 ጠገራ ብር



የዘካ ጊዜ ሲቃረብ «ያለኝ ገንዘብ ኒሳብ ይሞላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በየመስጊዱ ደጃፍ ይሰማል። ጥያቄው ስለ ወረቀት ገንዘብ ነው፤ መልሱ ግን ከገበያችን ከጠፋው የብር ሳንቲም ጋር የተያያዘ ነው።

በሱረቱል ከህፍ የዋሻው ወጣቶች ከእንቅልፋቸው ነቅተው ምግብ እንዲገዛ አንዳቸውን ወደ ከተማ ሲልኩ የያዘው ብር ነበር። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም መካና መዲና የሚገበያዩት በፋርስ የብር ድርሃምና በሮማውያን የወርቅ ዲናር ነው። ድርሃሙ አንድ ወጥ ክብደት ስላልነበረው በሚዛን ይከፈል ነበር። በ77 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ምስል የሌለበት ኢስላማዊ ገንዘብ አስመቱ፤ አሥሩ ድርሃም ሰባት ሚስቃል እንዲመዝን ተደረገ። የብር ኒሳብ የሆነው 200 ድርሃም በዛሬ ሚዛን 595 ግራም ያህል ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጠገራ ብርን እናገኛለን። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ገንዘብ፣ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ይመታ ነበር። በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ገብቶ ቡናውም ከብቱም ተሸጠበት። አንጥረኞችም እያቀለጡ ድሪና አልቦ ሠሩበት። አፄ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ያስመቱት ብር እንኳ ከገበያ አላስለቀቀውም፤ ሕጋዊነቱ ያበቃው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ነው። ያኔም ቢሆን ሃምሳ ሳንቲሙ ለተወሰነ ጊዜ ከብር ይሠራ ነበር።

አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ንጹሑን ብቻ በሚቆጥረው በሻፊዒ መዝሀብ 26 ጠገራ ብር ይዞ ዓመት የሞላው ሰው ዘካ ነበረበት። ሀብታም ነጋዴ መሆን አይጠበቅበትም ማለት ነው!

«ዛሬ ብሩ ወረቀት ነውና ዘካ የለበትም» ያሉ ነበሩ። ዑለማእ በብዛት አልተቀበሉትም፤ ወረቀቱ የሳንቲሙን ቦታ ተክቷልና። እውነተኛው ክርክር ኒሳቡ በ85 ግራም ወርቅ ይለካ ወይስ በብር የሚለው ነው። ጥንት 20 ዲናርና 200 ድርሃም ተቀራራቢ ዋጋ ነበራቸው። ዛሬ ግን የወርቅ ዋጋ ከብር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ በወርቅ የለካ ሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ ከዘካ ነፃ ይሆናል። ሸኽ ዩሱፍ አልቀርዷዊ ወደ ወርቁ አዘንብለዋል፤ ብር ረክሷልና ትንሽ ቆጣቢውን ባለጸጋ ያሰኘዋል የሚለው ምክንያት ቀላል አይደለም። እኔ ግን የብሩን እመርጣለሁ። ከቆጣቢው የሚጠየቀው ከአርባ አንድ ነው፤ በወርቅ ስንለካ ግን የድሃው ድርሻ ከብዙ ቤት ጨርሶ ይቀራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በዘካ ቀኔ የአንድ ግራም ብር ዋጋ ከወርቅ ቤት እጠይቅና በ595 አባዛለሁ። ዓመት የሞላው ገንዘቤ ከዚያ ካላነሰ፣ ከአርባ አንዱን አወጣለሁ።