ደጅ መጥናትና የደጅ ጥበቃ

በአገራችን ባለጉዳይና ባለሥልጣን ከጥንት ጀምሮ የሚገናኙት በደጅ ነው። «ደጅ መጥናት» የተሰኘው አነጋገር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በዘውዱ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ችሎት አቤቱታ ይሰሙ ነበር፤ ወደ ችሎቱ ለመድረስ ያልቻለውም ሰው በሚያልፉበት መንገድ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አበቃ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዲከበር፣ በአንቀጽ 37 ማንም ሰው ፍትሕ እንዲያገኝ ደንግጓል። ቀድሞ በልመና ይገኝ የነበረው ዛሬ መብት ሆኖአል። ይሁንና መብቱ የሚፈተነው በሕጉ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ዘበኛው በቆመበት በር ላይ ነው።

ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር እንዴት ይጠበቅ ብሎ መጠየቅ የፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የኅሊናም ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ለጠባቂው እውነቱን እንስጠው። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ አሜሪካውያኑ 12 ብቻ ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ በአካባቢው ሥራ ላይ የነበሩ ወይም በመንገድ የሚያልፉ ኬንያውያን ናቸው። በዚያ ቀን ቦምብ የጫነው መኪና ወደ ሕንፃው ሥር እንዳይገባ የከለከለው አንድ ተራ ዘበኛ ነበር፤ መዝጊያውን አላነሣም አለ። እንግዲህ ፍተሻ የባለሥልጣናትን ነፍስ ብቻ የሚጠብቅ ይመስለው የነበረ ሰው ካለ አሳቡን ይመርምር። ቦንብ ሲፈነዳ የሚሞተው ባለጉዳዩም ነው፤ ጸሐፊዋም ናት፤ በበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠውም ናት።

ነገር ግን ሌላም ምስክር አለ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በስብሰባ ላይ ሳሉ ጥቃት ደርሶባቸው ሞቱ። መንግሥት እንዳስታወቀው ጥቃቱን የመሩት የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ ነበሩ። በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በገዛ ጠባቂያቸው እጅ ወደቁ። የሟቾቹን ነፍስ እግዚአብሔር ይማር። አደጋው የመጣው አቤቱታ ይዞ በፀሐይ ከሚጠብቀው ገበሬ አልነበረም። ገበሬው ግን ከዚያ ወዲህ በየበሩ ይበልጥ ተፈተሸ።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ራስን ስለ መከላከል ሲያስተምር፣ መከላከሉ የተፈቀደ ቢሆንም ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ሲጨመርበት ሕገ ወጥ ይሆናል ይላል። እርሱ የተናገረው በግለሰብ ላይ ስለሚሰነዘር ጥቃት ነው፤ ሆኖም ሚዛኑ ለበርም የሚሠራ ይመስለናል። ጥንቃቄ መጠኑን የሚያገኘው ከእውነተኛው አደጋ እንጂ ከባለሥልጣኑ ፍርሃት ወይም ክብር አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም መፈተሽና ማስገባት ናቸው። ፍተሻ «መሣሪያ ይዘሃልን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አልያዝሁም» ከሆነና እውነት መሆኑ ከታየ የዘበኛው ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ቀጥሎ «ጉዳይህ ምንድን ነው? ማንን ነው የምትፈልገው? እርሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለስ» የሚለው ንግግር ጥበቃ አይደለም፤ ያልተሾመ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ነው። ዘበኛውንም ብቻ መውቀስ አይገባም። ባለጉዳይ የሰለቸው ኃላፊ የራሱን እምቢታ በዘበኛው አፍ ሲናገር ይኖራል።

ከአዲሎ ዙሪያ ገጠር የምትመጣ አንዲት ባልቴት እናስብ። የመሬቷ ክርክር ከወረዳ አልፎ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና ሊደርስ ይችላል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ በመሆኗ ክልሉ ቀርቦላታል፤ ቀድሞ ሐዋሳ ድረስ ይኬድ ነበርና። ነገር ግን መታወቂያዋን ቤት ረስታ እንደሆነ፣ አማርኛም እንደ ልብ የማትናገር እንደሆነ፣ የተቀራረበው መንገድ በበሩ ላይ እንደ ገና ይረዝማል። የመሳፈሪያ ብር ተበድራ የመጣች ሴት «ነገ ተመለሽ» ስትባል የምትከስረው አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስለ ነገረን ባልቴት ስናስተምር፣ ያ ዓመፀኛ ዳኛ እንኳ ፊቱ እንዳትቀርብ በር እንዳልዘጋባት ልብ ብለን እናውቃለንን?

አገራችን የሕዝብ እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 አቋቁማለች። ስሙ መልካም ስም ነው። በር ጠባቂው እንባ ጠባቂውን አስቀድሞ ቢያውቀው ግን ይሻል ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችንም ምሳሌ አለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ግንቦት 5 ቀን 1973 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በሕዝቡ መካከል ሳሉ በጥይት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ መኪናቸው ጥይት በማይበሳው መስታወት ተጋረደ፤ እርሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ መውጣትን አልተዉም፤ የተኮሰባቸውንም ሰው እስር ቤት ድረስ ሄደው ጎበኙት። በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ያን መስታወት በሰርዲን ቆርቆሮ መስለው እምቢ አሉ። ከሁለቱ የትኛው ልክ ነበሩ ብለን አንከራከርም። ጥበቃው ሁለቱንም ከሕዝብ ለመሸሸግ ምክንያት አልሆናቸውም። በአደባባዩም ፍተሻ አለ፤ የተፈተሸው ግን ይገባል።

ይህን ለሚያነቡ ካቴኪስቶች አንድ ነገር እንጠይቃለን። በየቁምስናችሁ ማንበብ የማይችሉ፣ ጉዳያቸውን በጽሑፍ ማቅረብ የሚቸግራቸው አረጋውያን አሉ። አቤቱታቸውን በአንድ ገጽ ጻፉላቸው፤ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ ግልባጩም በእጃቸው ይቅር። ቢቻል አብራችኋቸው ሂዱ። በበሩ ስትደርሱም ለፍተሻው እጃችሁን አንሡ፤ ዘበኛውንም በስሙ ጠርታችሁ ሰላምታ ስጡት፤ እርሱም ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚቆም ደመወዙም ጥቂት የሆነ ወንድማችን ነውና። ከዚያም ባልቴቲቱ ወደ የትኛው ክፍል እንደምትገባ ጠይቁት።