የነፋሱ ድርሻ

ሰው በሕይወቱ ያገኘውን መልካም ነገር ኹሉ በድካሜ አገኘኹት ማለትን ይወዳል፤ የደረሰበትን ክፉ ነገር ግን የዕድሌ ነገር ነው ይላል። ስለ ባልንጀራው ሲፈርድ ደግሞ ሚዛኑን ይገለብጠዋል፤ የባልንጀራውን ሹመት ለዕድሉ፥ ውድቀቱን ለስንፍናው ይሰጣል። ይህ አድልዎ በትምህርት ብቻ የሚጠፋ ቢኾን ኖሮ፥ ተማሪ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ኹሉ ከእርሱ በዳነ ነበር። እንግዲህ በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ የራሱ የኾነው ምን ያኽል ነው? የቀረውስ የማን ነው? ስለዚህ ጉዳይ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። እኛ ግን አቅማችንን ስለምናውቅ፥ ጥያቄው በሜትርና በሴኮንድ ወደሚለካበት አደባባይ ወጥተን ለመመልከት አስበናል፤ ይኸውም የስሉስ ዝላይ ሜዳ ነው።

ያገራችን ሰው ስለ ሩጫ ሲናገር ስሙንና ሰዓቱን እየጠራ ነው፤ በሜዳው ዳር ባለው አሸዋ ላይ ስለሚደረገው ውድድር ግን እምብዛም አያወራም። ስለዚህ ነገሩን በአጭሩ እንግለጠው። ዘላዩ በረዥም መንደርደሪያ እየሮጠ መጥቶ፥ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የኾነውን ጣውላ በአንድ እግሩ ይረግጣል። ከዚያ ተነሥቶ በዚያው በረገጠበት እግሩ ያርፋል፤ ቀጥሎ በሌላው እግሩ ያርፋል፤ በሦስተኛው ዘልሎ አሸዋው ላይ ይወድቃል። በታላላቅ የወንዶች ውድድር ከጣውላው እስከ አሸዋው ያለው ርቀት ከ13 ሜትር አያንስም፤ ስለዚህ ሦስቱን ማቀናጀት ያልቻለ ሰው አሸዋውን ሳይነካ ይቀራል። የእግሩ ጫፍ ከጣውላው መስመር ጥቂት እንኳ ያለፈ እንደ ኾነ ዳኛው ቀይ ባንዲራ ያነሣል፤ ዝላዩ የቱንም ያኽል ረዥም ቢኾን አይቈጠርለትም። ሕጉን ከጠበቀ ግን ነጭ ባንዲራ ይነሣለታል።

ነሐሴ 1 ቀን 1987 ዓ. ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1995፥ በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ፥ በኡሌቪ ስታዲዮም የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የስሉስ ዝላይ ፍጻሜ ተደረገ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ብዙዎቻችን ያን ሻምፒዮና የምናስታውሰው፥ በማግስቱ በዚያው ስታዲዮም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ሩጫ ስላሸነፈ ነው። በዚያን ዕለት ግን የተመልካቹ ዐይን ያረፈው ከብሪታንያ በመጣው በጆናታን ኤድዋርድስ ላይ ነበር። አሜሪካዊው ዊሊ ባንክስ በ1985 የዘለለው 17 ሜትር ከ97 ሳንቲ ሜትር፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ ክብረ ወሰን ኾኖ ቈይቶ ነበር። ኤድዋርድስ ወደ ጎተንበርግ ከመምጣቱ 20 ቀን በፊት በስፔን አገር በሳላማንካ ይህን ወሰን በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ አሻሻለው። ዐሥር ዓመት የተጠበቀው ነገር የአውራ ጣት ስፋት እንኳ የማይሞላ ነበር።

በኡሌቪ ግን ነገሩ ሌላ ኾነ። ኤድዋርድስ በመጀመሪያው ሙከራ 18 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ዘለለ። በሕግ ከተፈቀደው ነፋስ ሳይወጣ 18 ሜትርን ያለፈ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ አልነበረም። ሰው ኹሉ ገና ተደንቆ ሳያበቃ፥ በኹለተኛው ሙከራ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። የቤርሙዳው ብራያን ዌልማን በ17 ሜትር ከ62 ኹለተኛ፥ የዶሚኒካው ጄሮም ሮሜን በ17 ሜትር ከ59 ሦስተኛ ኾኑ። የዚያን ቀን ኹለተኛ ዝላይ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይሰበር ኖሯል።

ከውጤቱ ጎን ግን አንዲት ትንሽ ቍጥር ተጽፋለች፤ 1.3 ትላለች። ይህች ቍጥር ኤድዋርድስ ሲንደረደር ከኋላው በሴኮንድ 1.3 ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ይገፋው እንደ ነበረ ታስረዳለች። በመንደርደሪያው አጠገብ የነፋስ መለኪያ ይቆማል፤ ዘላዩ ከጣውላው 35 ሜትር ርቆ ያለውን ምልክት ባለፈ ጊዜ፥ መለኪያው ለ5 ሴኮንድ ያኽል የነፋሱን ጕዞ ይመዘግባል። ነፋሱ በሴኮንድ ከ2 ሜትር ካልበለጠ ዝላዩ በክብረ ወሰን መዝገብ ለመግባት ይችላል፤ ከበለጠ ግን አይገባም።

ኤድዋርድስ ራሱ ይህን ሕግ ቀምሶታል። በዚያው በ1995 በጁን ወር በፈረንሳይ አገር በሊል ከተማ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ውድድር 18 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ዘልሎ ነበር፤ ይኸውም ከጎተንበርጉ በ14 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን ነፋሱ በሴኮንድ 2.4 ሜትር ስለ ነበረ ክብረ ወሰን አልተባለም። ይሁን እንጂ አሸናፊነቱን ማንም አልነሣውም። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንወደው ነገር አለ። የስፖርቱ ሕግ አንዱን ዝላይ በኹለት ሚዛን ይመዝነዋል፤ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ከተሰለፉት ጋር ሲያወዳድረው ነፋሱ ቢበዛም ይቈጥርለታል፤ በሌላ ዘመንና በሌላ አገር ከዘለሉት ጋር ሲያወዳድረው ግን «ይህስ ያንተ ብቻ አይደለም» ይለዋል። ዳኞቹ ስለዚህ ነገር ፍልስፍና አልጻፉም፤ ጥያቄው ግን ገብቷቸዋል።

ቢኾንም ይህ ሕግ ጕድለት የሌለበት አይደለም። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ኬኒ ሃሪሰን 18 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር ዘልሎ ወርቁን ወሰደ፤ ኤድዋርድስ በ17 ሜትር ከ88 ኹለተኛ ኾነ። የሃሪሰን ዝላይ በተለካበት ጊዜ ነፋሱ የሚነፍሰው ከፊት ለፊቱ ነበር፤ በሴኮንድ 0.4 ሜትር። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ የኤድዋርድስ 18.29 ከሃሪሰን 18.09 በ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ነገር ግን አንዱ ነፋስ እየደገፈው፥ ሌላው ነፋስ እየመለሰው እንደ ዘለሉ መዝገቡን በዝግታ ያነበበ ሰው ብቻ ያውቃል። ሕጉ ከኋላ የመጣውን ነፋስ ሲበዛ ይቀጣዋል እንጂ ከፊት ለመታው ነፋስ ካሣ አይከፍልም። ነፋስ በሌለበት ጸጥ ባለ ቀን ማን ይበልጥ ነበር ቢባል፥ መልስ የሚሰጥ መዝገብ የለም።

ይህን ሰምቶ «እንኪያስ ኹሉም ነፋስ ነው፤ የሰው ድካም ከንቱ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩን ከጀመርነውማ፥ የዘላዩ ቁመት ከወላጆቹ፥ ብልሃቱ ከአሠልጣኙ፥ ጫማው ከሠሪው የመጣ ነው፤ ይህን ኹሉ ቀንሰን ብናወጣ ለሰውዬው የሚቀርለት ምን ይኾናል? ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ነፋስ ለኹሉ ይነፍሳል፤ የበረታ ይዘልላል፥ የሰነፈ ይወድቃል» ይላል። ለእኛ ኹለቱም አሳብ የጐደለ ኾኖ ይታየናል። የመጀመሪያው ሰው ኤድዋርድስን የሚያኽል ሰው ስለ ምን ብዙ ዓመት እንደ ለፋ ሊነግረን አይችልም፤ ነፋስ ብቻውን ማንንም 18 ሜትር አላሻገረም። ኹለተኛው ደግሞ ነፋስ በአንድ ሜዳ ላይ እንኳ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እንደሚለዋወጥ፥ ለአንዱ ተራ ሲደርሰው ነፍሶ ለሌላው ሲደርሰው እንደሚያርፍ ረስቷል።

በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ገበሬው አስተዋይ ነው። እህሉን ወቅቶ በአውድማው ላይ ከከመረ በኋላ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ካልመጣ ምንም ቢበረታ ምርቱን ከገለባው ሊለይ አይችልም፤ ነፋሱ መጥቶ እርሱ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ደግሞ ገለባውም ምርቱም እንደ ተደባለቀ ይመሻል። ምርቱን ወደ ጎተራው ባስገባ ጊዜ «ይህን ያመረተው ነፋሱ ነው» አይልም፤ ነፋሱ ያልመጣለትን ጎረቤቱንም ሰነፍ ብሎ አይሰድበውም። እርሱ ኹለቱን ነገር አንድ ላይ ይይዛል፤ እኛ ፊደል የቈጠርነው ግን አንዱን ስንይዝ ሌላው ይወድቅብናል።

ስለ ሌላው ሰው ነፋስ መናገር ቀላል ስለ ኾነ ስለ ራሳችንም እንናገር። የኹለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በጨረስንበት ዓመት በአንድ ወንበር አብሮን የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረን። እኛ የምንኖረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥቂት እልፍ ብሎ ሲኾን፥ ማታ የምናጠናው በኤሌክትሪክ መብራት ነበር፤ ሒሳብ የሚያስጠናን ታላቅ ወንድምም ነበረን። እርሱ ግን ጧት ጧት የኹለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጕዞ ይመጣል፤ ማታ ከብቱን አስገብቶ በኩራዝ ያነባል። የፈተናው ውጤት በተለጠፈ ጊዜ እኛ በጥቂት ነጥብ አለፍን፤ እርሱ በጥቂት ነጥብ ወደቀ። እኛ በመንግሥት ሥራ ገባን፤ እርሱ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። እኛም ያን ጊዜ ስለ መብራቱና ስለ ወንድማችን አላሰብንም፤ «ስላጠናን አለፍን» አልን እንጂ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ ቀን፥ በመስኮታችን ፊት ረዥም ሰልፍ ቆሞ ሳለ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ማመልከቻ አቀረበልን። ማመልከቻው በደንቡ መሠረት አልተጻፈም ነበርና ቀና ብለን ሳናየው፥ «ተምረህ ቢኾን ኖሮ እንዲህ አትሳሳትም ነበር፤ አስተካክለህ ነገ ና» አልነው። ሰውዬውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ ጌታዬ» አለ። ወረቀቱን ስንመልስለት ስሙን አነበብን፤ ቀና ብንል እርሱ ነው። እርሱ ከሰልፉ ጀምሮ ዐውቆን ኖሯል። «ምነው ሳትነግረኝ?» ብንለው፥ «እርስዎ ሥራ ላይ ስለ ኾኑ ነው» ብሎ መለሰልን። በአንድ ወንበር ተቀምጦ ከአንድ መጽሐፍ ያነበበ ሰው «እርስዎ» ሲለን የተሰማንን እፍረት ለመግለጥ ቃል አጥተናል። ያን ጊዜ ከኋላችን ሲነፍስ የኖረው ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባችን ተሰማን።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባናል? ለዚያ ሰው ብለን ደንቡን መጣስ ነበረብን ማለታችን አይደለም። ያዘነለትን ዘላይ ከመስመሩ አሳልፎ ነጭ ባንዲራ የሚያነሣ ዳኛ መሓሪ አይባልም፤ መስመሩን ጠብቀው የዘለሉትን ኹሉ በድሏልና። መስመሩ ለኹሉ አንድ ኾኖ ይኑር። ነገር ግን ከዚያው ሜዳ ሦስት ነገር ልንማር እንችላለን።

መጀመሪያ፥ ነፋሱን መለካትና ከውጤቱ ጎን መጻፍ ነው። አስተማሪ የተማሪውን ነጥብ ሲመዘግብ፥ ልጁ በምን መብራት እንዳነበበና ስንት ሰዓት እንደ ተጓዘ ቢያውቅ ነጥቡን አይለውጥም፤ የልጁን ኀይል ግን በትክክል ያነበዋል። ኹለተኛ፥ ከአንድ በላይ ሙከራ መስጠት ነው። በስሉስ ዝላይ ፍጻሜ ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ለተሻሉት ሌላ ሙከራ ይጨመርላቸዋል። ይህም የአንዲት ደቂቃ ነፋስ የሰውን ዕጣ ብቻዋን እንዳትወስን ይረዳል። በሕይወት ግን አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ኹለተኛ ሳይዘልል ከሜዳው የሚወጣው ብዙ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሌላ ሙከራ ሊሰጥ በሚችልበት ስፍራ ኹሉ መንፈጉ በደል ነው። ሦስተኛ፥ ሕግ ከፊት ለመታው ነፋስ ካሣ እንደማይከፍል ካወቅን፥ ያን ዕዳ የሚከፍለው የሰው ሕሊና ብቻ መኾኑን ማወቅ ነው። ክፍያውም ውድ አይደለም፤ ቀና ብሎ ማየት፥ ስሕተቱን ሳይሰድቡ ማሳየት፥ ደንቡን ለማያውቀው ማስረዳት ነው።

ተማሪዎች ይህን ስታነብቡ «እንግዲያስ ብንደክም ምን ይጠቅመናል?» እንዳትሉ አደራ እንላለን። በጎተንበርግ ነፋሱ ለኤድዋርድስ በነፈሰ ጊዜ፥ ጣውላውን በልክ የሚረግጥ እግር አዘጋጅቶ ነበር። ነፋስ ሲመጣ መንሹ በእጃችን ይገኝ፤ ምርቱን ከሰበሰብን በኋላ ግን የነፋሱን ድርሻ ለራሳችን አንጻፍ።

ጓደኛችን በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ከመስኮቱ ወጥተን ተቀበልነው፤ ማመልከቻውንም አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አብረን አስተካከልነው። ጕዳዩም ተራውን ጠብቆ በደንቡ ተፈጸመ። እጃችንን ጨብጦ ሲሰናበተን ግን አኹንም «እርስዎ» ነው ያለን።