እውነተኛው ካቴድራል የቱ ነው?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 እና በ1893 ሩዋን ከተማ ከርሞ፣ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ካሉ ቤቶች መስኮት ሥር ተቀምጦ ያንኑ ግንብ ደጋግሞ ሣለ። በርካታ ሸራዎችን ጎን ለጎን ይዘረጋል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ የያዘውን ትቶ ለዚያ ሰዓት የጀመረውን ያነሣል። በማግስቱም እንዲሁ። ጠዋት ሰማያዊ ጥላ ያጠላበት ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ወርቅማ ይሆናል፤ የበሮቹም ጥልቀት እንደ ፍም ይቀላል። ድካሙ በእንቅልፉም አልለቀቀውም፦ ካቴድራሉ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ሆኖ ሲወድቅበት በሕልሙ ማየቱን ለሕይወት አጋሩ ለአሊስ ጽፎላታል።

ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?

ፈላስፋው ፕላቶ ቢጠየቅ፣ እውነት ከማይለወጠው ዘንድ ነው ባለ ነበር። ሥዕሎቹ ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ፦ ግንቡ ባይጸና የብርሃኑ ለውጥ ባልታየ፤ ብርሃኑ ባይለዋወጥም ግንቡ ያን ያህል ባልታወቀ። ጽኑውና አላፊው አንዱ ያለ ሌላው አይታዩም። ይህን ለማየት ደግሞ አንድ ቀን አይበቃም፤ በየቀኑ መመለስን ይጠይቃል።

ከ30 በላይ ከሆኑት ሥዕሎች አምስቱ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ። እዚያ የደረሰ አንባቢ አንዱን ብቻ አይቶ እንዳይወጣ።